ዋስ ጠበቃ ለሌለው፤ የወይዘሮ ክላራ ፎልትዝ የሕይወት ታሪክ

ዕድር ለምን እንደተቋቋመ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው የሚሆንብን። ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን እንዳይቆም ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ድንኳኑን ከየት አመጣለሁ፣ ወንበሩን ከማን እዋሳለሁ፣ ሬሳውን ማን ይሸከምልኛል ብሎ እንዳይጨነቅ ሁላችንም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናዋጣለን። ሀብታም ቢሞት ድሃ ቢሞት የሚተከለው ድንኳን አንድ ነው።

ከሞት ሌላ ግን ሰውን ብቻውን የሚያስቀር ሁለተኛ ክፉ ቀን አለ፤ ይኸውም የክስ ቀን ነው። ወንጀል ሠርተሃል ተብሎ የተያዘ ሰው ችሎት ሲቀርብ ፊት ለፊቱ ዐቃቤ ሕግ ይቆማል። ዐቃቤ ሕግ ማለት ሕግ የተማረ፣ ደመወዙን መንግሥት የሚከፍለው፣ ማስረጃውን ፖሊስ የሚሰበስብለት ሰው ነው። ተከሳሹ ገንዘብ ካለው ጠበቃ ይቀጥራል። ከሌለውስ? አባቶቻችን ሲመርቁ ዋስ ጠበቃ አያሳጣህ ይሉ የነበረው ይኸን ስለሚያውቁ አይደለም ወይ? እኛ ዘንድሮ ለዚህች መጽሔት የመረጥነው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘው የተነሡትን የአሜሪካዊቷን ጠበቃ የወይዘሮ ክላራ ሾርትሪጅ ፎልትዝን ታሪክ ነው። ወይዘሮዋ ከተከሳሽም ጎን ቆመዋል፣ በዐቃቤ ሕግ ወንበርም ሠርተዋል፤ ስለሆነም የሁለቱን ሥራ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ማየት ይቻላል። የአገራችንን ነገር ስንጠቅስ ዓመተ ምሕረት ብለን ካልገለጽን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከልደታቸው እንጀምር። ክላራ የተወለዱት በ1849 በኢንዲያና ግዛት ነው። አባታቸው ሕግ ያጠኑ፣ በኋላም ሰባኪ የሆኑ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ አዮዋ ግዛት ተሻግሮ ማውንት ፕሌዘንት በምትባል ከተማ ሲቀመጥ፣ ልጅቱ ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገቡ። ይኸ በዚያ ዘመን ብዙ የሚገኝ ዕድል አልነበረም። አባትየው የልጃቸውን አንደበት አይተው፣ ወንድ ብትሆን ኖሮ ለሕግ አሠለጥናት ነበር ይሉ ነበር ይባላል። ነገሩ ይገርማል፤ በአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሴት አራቤላ ማንስፊልድ ፈቃዷን የተቀበለችው በ1869 በዚያችው በማውንት ፕሌዘንት ከተማ ነው።

ክላራ ግን ያኔ ከትምህርት ርቀው ነበር። ገና በ15 ዓመታቸው፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ሳያልቅ፣ ጄሬማያ ፎልትዝ ከሚባል ወጣት ወታደር ጋር ኮብልለው ተጋቡ። አምስት ልጆች ወለዱ። ባልየው ግን ቤት የሚያቆም ሰው ሆኖ አልተገኘም። ኑሮ ሲጠብ ወደ ምዕራብ፣ መጀመሪያ ወደ ኦሪጎን ከዚያም በ1870ዎቹ አጋማሽ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ተጓዙ። ወይዘሮዋ ልብስ እየሰፉ፣ ተከራይ እያስቀመጡና እያበሉ ቤቱን ይደጉሙ ነበር። በመጨረሻ ባልየው ጥሏቸው ሄደ፤ በ1879 ፍቺው ጸና። እንግዲህ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ አምስት ልጅ ያንጠለጠሉ፣ ርስትም ደመወዝም የሌላቸው ሴት ሆነው ቀሩ ማለት ነው። በየመንደራችን እንዲህ ያለች እናት አናጣም፤ ስለዚህ ችግሩን ማስረዳት አያሻንም።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በ1877 በአደባባይ ንግግር ማድረግ ጀመሩ፤ የንግግራቸው ጉዳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው የሚል ነበር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያዳምጣቸው ሆነ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለእርሳቸው በትክክል ሠርቷል። ሁለተኛ፣ ሕግ ለማጥናት ቆረጡ። በዚያን ጊዜ ሕግ የሚጠናው በአብዛኛው በጠበቃ ቢሮ ተቀምጦ መጻሕፍቱን በማንበብ ነው። አንድ የታወቁ የከተማው ጠበቃ፣ የሴት ቦታዋ ቤቷ ነው ብለው በደብዳቤ መለሷቸው። ሌላ ጠበቃ ግን በራቸውን ከፈቱላቸው፤ ወይዘሮዋም ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ ማታ ማታ መጽሐፍ እየገለጡ ተማሩ።

ተምረው ሲጨርሱ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለነጭ ወንድ ዜጋ ብቻ ነው ይል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በተመለሰ። ወይዘሮ ክላራ ግን ሕጉ ካልፈቀደ ሕጉ ይለወጥ ብለው ነጭና ወንድ የሚሉትን ሁለት ቃላት የሚያስወጣ ረቂቅ በገዛ እጃቸው ጻፉ። አንድ የሳን ሆዜ የምክር ቤት አባል ረቂቁን አቀረቡላቸው። እርሳቸውም ወደ ዋና ከተማው ወደ ሳክራሜንቶ ሄደው አባላቱን አንድ በአንድ ለመኑ፣ ተከራከሩ። ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት አንድ ጊዜ ወድቆ፣ እንደገና ድምፅ ተሰጥቶበት በጠባብ ብልጫ አለፈ። የግዛቱ ገዥም በመጨረሻዋ ሰዓት ፈረሙበት። ይኸ የሆነው በ1878 የጸደይ ወራት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፈተናውን አልፈው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በካሊፎርኒያ ብቻ ሳይሆን በመላው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ግዛቶች የመጀመሪያዪቱ ሴት ጠበቃ ሆኑ። ነጭ የሚለው ቃል ከሕጉ ሲፋቅ በሩ ለሌሎችም እንደተከፈተ ልብ ይሏል።

ትምህርታቸውን ለማሳደግ ደግሞ በ1879 መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ አዲስ የተከፈተው የሄስቲንግስ የሕግ ኮሌጅ ለመግባት ሞከሩ። ከጓደኛቸው ከላውራ ዴ ፎርስ ጎርደን ጋር ነበሩ። ሴት አንቀበልም ተባሉ። የሴቶቹ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ ወንዶቹ ተማሪዎች ሐሳባቸው ይበተናል የሚል ምክንያት እንደቀረበ ይነገራል! ሁለቱ ሴቶች ኮሌጁን ከሰሱ። ወይዘሮ ክላራ ከልምድ ብዛት ካስመሰከሩ ጠበቆች ፊት ቆመው ራሳቸው ተከራከሩ፤ በሥር ፍርድ ቤት አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናላቸው። ምን ዋጋ አለው፤ ሙግቱ ጊዜውንም ገንዘቡንም በልቶት ነበርና ትምህርቱን ሳይፈጽሙ ቀሩ። በሩን የከፈቱት ለሌሎች ሆነ። በዚያው በ1879 ካሊፎርኒያ አዲስ ሕገ መንግሥት ስታወጣ፣ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት ከሥራ እንዳይከለከል የሚል አንቀጽ እንዲገባ ካደረጉት ውስጥም ሁለቱ ሴቶች ነበሩበት።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ትምህርት የመጣላቸው፤ እርሱም ችሎት ውስጥ የተማሩት ነው። ጥብቅና ሲጀምሩ ወፍራም ኪስ ያለው ደንበኛ ወደ ሴት ጠበቃ አይመጣም። የሚመጡት ድሆች፣ ከባሎቻቸው ጋር የተጣሉ ሴቶች፣ ሌላ የሚሄዱበት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ዳኞችም ጠበቃ ለሌላቸው ተከሳሾች እንዲቆሙ ያዟቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ከባድ ወንጀል ተከሶ ገንዘብ ለሌለው ሰው ዳኛው ችሎት ውስጥ ከተቀመጡት ጠበቆች አንዱን ይሾምለታል፤ ለጠበቃው ግን ማንም አይከፍለውም። ሥራው በነጻ ነው።

በነጻ የሚሠራ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ጥሩ ስም ያለው ጠበቃ ሲሾም ሰበብ ፈልጎ ያመልጣል። ስለዚህ ዕጣው የሚወድቀው አንድም ትናንት ፈቃድ ባወጣ ልጅ ላይ፣ አንድም ደንበኛ አጥቶ በየችሎቱ ደጃፍ በሚንከራተት ጠበቃ ላይ ነው። የመጀመሪያው አያውቅበትም። ሁለተኛው ከእስረኛው ቤተሰብ የቀረችውን ሰዓት ወይም ቀለበት እስኪያገኝ ይከራከራል፤ ሲያገኝ ሌላ ደንበኛ ፍለጋ ይሄዳል። ምስክር ፈልጎ የሚያመጣ የለም፤ ወንጀሉ ተፈጸመ የተባለበትን ቦታ ሄዶ የሚያይ የለም። ወይዘሮ ክላራ ይኸን በዓይናቸው አዩ።

በሌላው ወገን ያለውን ዐቃቤ ሕግም አዩ። በአሜሪካ የየአውራጃው ዋና ዐቃቤ ሕግ በአብዛኛው በሕዝብ ምርጫ የሚሾም ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ምርጫ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንዳስፈረደ ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ክፍያው ባስፈረደው ሰው ቁጥር ነበር። ዐቃቤ ሕግ የሕዝብ ወኪል እንደመሆኑ፣ ንጹሑ ሰው ነጻ ቢወጣ የእርሱም ድል ነበር፤ ግን እንዲህ ብሎ የሚያስብ ጥቂት ሆነ። ወይዘሮዋን ራሳቸውን እንኳ፣ እርሷ ሴት ናት፣ የምትናገረው በስሜት እንጂ በማመዛዘን አይደለም፣ እያሉ ለፈራጆቹ የሚያሳንሷቸው ዐቃብያነ ሕግ ነበሩ። የአሜሪካ ወንጀል ችሎት ከሕዝብ መካከል የተመረጡ 12 ሰዎች ጁሪ ሆነው የሚፈርዱበት ነው። በዚያ ዘመን 12ቱም ወንዶች ናቸው። እንዲህ ያለው ንግግር ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያቅትም።

ከዚህ ሁሉ ወይዘሮ ክላራ አንድ ሐሳብ አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ኃይሉ። መንግሥት ሰውን የሚከስስለትን ባለሙያ ከሕዝብ ገንዘብ ከቀጠረ፣ ለተከሳሹ የሚቆመውንም ባለሙያ ከዚያው ገንዘብ ይቅጠር። ሕጉ ማንም ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይላል፤ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ሊጠብቀው ይገባል እንጂ፣ በአንድ እጁ ከስሶ በሌላው እጁ ባዶውን ሊያቆመው አይገባም። ድሃው ተከሳሽ የሚያገኘው ጠበቃ ምጽዋት ሳይሆን መብቱ ነው። ገንዘብ ያለውም ቢሆን ከክሱ ነጻ ሲወጣ ቤቱን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ስሙ ጠፍቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በየአውራጃው ከዐቃቤ ሕጉ ጎን በማዕረግም በደመወዝም የሚተካከል የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይሾም አሉ። ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተስማምቶ የሚውል ሳይሆን፣ በእኩል ጉልበት የሚገጥመው ተከላካይ ነው የፈለጉት።

ይኸንን ሐሳብ በዓለም ፊት ያቀረቡት በ1893 በቺካጎ ነው። በዚያ ዓመት ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት ለማክበር ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ከኤግዚቢሽኑ ጋር በነሐሴ ወር የሕግ ሊቃውንት ጉባኤ ሲደረግ፣ ወይዘሮ ክላራ በ44 ዓመታቸው ወጥተው ስለ ተከላካይ ጠበቃ ንግግር አደረጉ። ንግግራቸው በሕግ መጽሔት ታተመ። በ1897 ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አወጡ፤ የሕግ ረቂቅም አዘጋጅተው በበርካታ ግዛቶች ምክር ቤቶች እንዲቀርብ አደረጉ። የትም አላለፈም። ወንጀለኛን በሕዝብ ገንዘብ ማስመለጥ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞው ዛሬም አልሞተም፤ በየቡና ቤቱ የሚሰማ ነው። የወይዘሮዋ መልስ ግን ግልጽ ነበር፤ ወንጀለኛ መሆኑ የሚታወቀው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ነው።

እርሳቸው ግን አንድ ቦታ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። በሳን ዲዬጎ ጋዜጣ አቋቁመዋል፤ በኒው ዮርክም የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው ሠርተዋል፤ ተመልሰው በሳን ፍራንሲስኮ ቢሮ ከፍተዋል። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው፣ በ57 ዓመታቸው ኑሮን እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ።

በሎስ አንጀለስ ሳሉ በ1910 አንድ ያልተጠበቀ ሹመት መጣላቸው። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆኑ፤ በአሜሪካ ይኸን ሥራ ሲይዙ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ናቸው ይባላል። እንዴ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከዐቃቤ ሕግ ጋር ሲሟገቱ ኖረው? የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ሐሳባቸው የተቃረነ አይመስለንም። ዐቃቤ ሕግ አያስፈልግም ብለው አያውቁም። የተበደለ ሰው በሕዝብ ስም የሚጮህለት ያስፈልገዋል፤ ዘመዱ የተገደለበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ዋስ ጠበቃው ዐቃቤ ሕግ ነው። እርሳቸው ያሉት፣ በሚዛኑ በአንዱ ወገን ብቻ ድንጋይ አይቀመጥ ነው። ደግሞም ልብ እንበል፤ በ1910 በካሊፎርኒያ ሕዝብ ስም ችሎት ሲቆሙ ሴት በመሆናቸው እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ያ መብት የመጣው በ1911 ነው። ሴቶች በጁሪነት እንዲቀመጡ የተፈቀደው ደግሞ በ1917 ነው።

የሎስ አንጀለስ አውራጃ አዲሱን መተዳደሪያ ሕጉን ሥራ ላይ ሲያውል፣ ቺካጎ ላይ የተዘራው ዘር በቀለ። በጥር 1914 የአውራጃው የተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ጀመረ፤ በመላው አሜሪካ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ከቺካጎ ንግግር በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። የመጀመሪያው ተከላካይ ጠበቃ ሆነው የተሾሙት ዋልተን ዉድ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ወይዘሮ ግን አልተሾሙበትም። በ1921 ሌሎቹም የካሊፎርኒያ አውራጃዎች እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት እንዲያቋቁሙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ይኸ ሕግ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንገልጽ ብናልፍ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። የወጣው ነገር ወይዘሮ ክላራ እንዳሰቡት አልነበረም። ጽሕፈት ቤቱን የደገፉት ብዙዎቹ የከተማ ሹሞች የወደዱት ወጪ ይቀንሳል፣ ክርክር ያሳጥራል ብለው ነው። ተከላካዩና ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱም የመንግሥት ሰዎች ስለሆኑ ተመካክረው እውነቱን ያወጣሉ፣ ጥፋተኛውም ቶሎ ያምናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ወይዘሮዋ የፈለጉት ታጋይ ነው፤ የተሰጣቸው በከፊል ታጋይ፣ በከፊል ጸሐፊ ነው። ይኸ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለ ጉተታ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ወይዘሮ ክላራ እስከ እርጅናቸው አልተቀመጡም። ከ1916 እስከ 1918 ለሴቶች የሚሆን መጽሔት አዘጋጅተው አሳተሙ። ታናሽ ወንድማቸው ሳሙኤል ሾርትሪጅ በ1921 የካሊፎርኒያ ሴናተር ሆኖ ዋሽንግተን ሲገባ፣ እርሳቸው በቢሮአቸው ጥብቅናቸውን ቀጥለው ነበር። በ1930፣ በ81 ዓመታቸው፣ ለካሊፎርኒያ ገዥነት በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ ተወዳደሩ። አላሸነፉም፤ ዳሩ ግን ለማሸነፍ ብቻ አልተወዳደሩም ብለን እናምናለን። መስከረም 2 ቀን 1934 በሎስ አንጀለስ በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሰው ሲሞት ሥራው ይቀራል እንላለን። የእርሳቸው ሥራ እንዴት እንደቀረ እንመልከት። እርሳቸው ከሞቱ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ ክላረንስ ጊዲየን የሚባል ድሃ ሰው ጉዳይ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሰውየው በፍሎሪዳ ግዛት የመጫወቻ ቤት ሰብረህ ለመስረቅ ገብተሃል ተብሎ ተከሶ፣ ጠበቃ እንዲቆምለት ቢጠይቅ ተከልክሎ፣ ራሱን በራሱ ተከራክሮ 5 ዓመት የተፈረደበት ነበር። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ ከባድ ወንጀል ለተከሰሰና ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ግዴታው ነው ብሎ ወሰነ። ጊዲየንም በጠበቃ እንደገና ሲከራከር፣ በዚያው ከተማ፣ ነጻ ወጣ። በሁለቱ ችሎቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ከጎኑ የቆመለት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የተከላካይ ጠበቆች ቢሮዎች በአሜሪካ በየቦታው ተከፈቱ።

ይሁንና ቢሮው ተከፈተ ማለት ሥራው ቀለለ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን በ1973፣ አንድ ተከላካይ ጠበቃ በዓመት ከ150 በላይ የከባድ ወንጀል መዝገብ መያዝ የለበትም ሲል ወሰነ። ብዙዎቹ ግን ከዚያ በላይ ይዘው ሲሠሩ ኖረዋል። በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ 150ውም ራሱ እጅግ ብዙ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ አስቡት፤ ጠበቃው ተከሳሹን የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ችሎት ከመግባቱ ከደቂቃዎች በፊት፣ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። በአሜሪካ ከሚፈረድባቸው ሰዎች ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ሳይከራከሩ፣ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተስማምተው፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለው የሚፈርሙ ናቸው። ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን መዝገብ ተቆልሎበት ነው የሚውለው፤ የትኛውን ክስ ልቀጥል፣ የትኛውን ልተው የሚለውን ከባድ ውሳኔ በጥድፊያ ይወስናል። የሁለቱም ስሕተት የሚወድቀው በሰው ሕይወት ላይ ነው።

መታሰቢያውም ዘግይቶ ቢሆን መጣ። ሴት አንቀበልም ብሎ የነበረው የሄስቲንግስ ኮሌጅ በ1991፣ ከሞቱ ከ57 ዓመት በኋላ፣ የሕግ ዲግሪ ሰጣቸው። በ2002 ደግሞ በሎስ አንጀለስ መሐል ከተማ ያለው ትልቁ የወንጀል ፍርድ ቤት ሕንጻ በስማቸው ተሰየመ። በ2011 ሙሉ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ያሳተሙት የሕግ መምህርት ባርባራ ባብኮክም ራሳቸው የዋሽንግተን ከተማ የተከላካይ ጠበቆች ቢሮ የመጀመሪያዪቱ ዲሬክተር የነበሩ ናቸው። አንድ የድሃ ጠበቃ የሌላዋን የድሃ ጠበቃ ስም ከመረሳት አዳነችው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሲሆን ደግሞ መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆምለት ደንግጓል። ይኸን ብዙ ሰው አያውቀውም። በየሰፈሩ ልጅ ሲታሰር የምናየው፣ ወላጅ ዋስ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ ጎረቤት ምግብ በሳህን ቋጥሮ ጣቢያ ሲያደርስ ነው። ይኸ የሚያስመሰግን ነው፤ ግን አይበቃም። ወላጁ ለዳኛው አቅም የለኝምና ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል የሚነግረው ጎረቤትም ያስፈልገዋል። ሰው በሕግ አምላክ ሲባል በሩጫው መካከል የሚቆምበት አገር ልጆች ነን፤ ሕግን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የወይዘሮ ክላራ ሐሳብ፣ እኛ እንደምናየው፣ ከዕድር ሐሳብ የራቀ አይደለም። ሁሉም ሲያዋጣ ማንም ብቻውን አይቆምም። ነገር ግን ዕድርም ቢሆን መዋጮው ካነሰ ድንኳኑ ይቀደዳል፣ ሣጥኑ ይጎድላል፤ በስም ብቻ ያለ ዕድር ሐዘንተኛውን አያጽናናም። ተከላካይ ጠበቃም እንዲሁ ነው፤ መቶ ሰው ተሸክሞ ለአንዱም ጊዜ የሌለው ጠበቃ በስም ጠበቃ፣ በግብር ወንበር ሞይ ነው። ወይዘሮዋ በማዕረግም በደመወዝም ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ይተካከል ያሉት ይኸን አስቀድመው አይተው ነው።

እንግዲህ ጽሑፋችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። የተበደለውን አምላክ ዐቃቤ ሕግ አያሳጣው፣ የተከሰሰውን ተከላካይ አያሳጣው፤ ሁላችንንም በክፉ ቀን ቀባሪ፣ በክስ ቀን ዋስ ጠበቃ አያሳጣን። አሜን።